የሽቦ ወገብ

ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሁለቱም ሰሙት። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ነቅላ በክር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችውና የብፌውን በር ሳብ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ምንም እንዳላደረገ ሰው እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ወደ ምድጃው ዞረች። ወንድሟ ከክፍሉ ማዶ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። አልተንቀሳቀሰም፣ አላሳለም፣ «ምንድን ነው እሱ?» እንኳ አላለም። ነገሩን ያከበደባት ይኸው ዝምታው ነው። ቢጮህባት፣ «ሌባ አደረግሽኝ?» ብሎ ቢያፈጥባት፣ እሷም የምትለው አላጣችም፤ እንቅልፍ አጥታ ስታሰናዳው ያደረችው መልስ ነበራት። ለራስህ ብዬ ነው ትለዋለች። ነርሷ ያለችውን በጆሮህ ሰምተሃል ትለዋለች። ግን ያልተጠየቀ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ሻዩን ቀዳች፣ ስኳር ሳትጨምር አማሰለችው፣ የሚማሰል ነገር እንደሌለው ትዝ ሲላት ማንኪያውን አስቀመጠች።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው፤ መጋረጃ ለሁለት ከፍሎታል። ከመጋረጃው ወደ መንገዱ ያለው ሱቅ ነው። አንዲት የምትሠራና አንዲት የሞተች የስፌት መኪና፣ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ የባለቤታቸው ስምና ቀጠሮ በብጣሽ ወረቀት ተጽፎባቸው በየምስማሩ የተሰቀሉ ልብሶች። ከመጋረጃው ወዲህ ሁለት አልጋ፣ ምድጃውና ብፌው አሉ። በእንዲህ ያለ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም። ደንበኛ ባሏን ስታማ ወንድሟ ይሰማል፤ ወንድሟ ሲያቃስት ደንበኛዋ ትሰማለች። ሁለቱ ግን ሰሞኑን አንድ ነገር ተደባብቀው ነው የሰነበቱት። እሷ የጠረጠረችውን አልነገረችውም፤ እሱም መጠርጠሯን እንደሚያውቅ አልነገራትም።

ለወንድሟ ሽቦ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሌላው በማይገባበት ቀዳዳ ገብቶ መስመር ስቦ የሚወጣ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ያላለቀ ፎቅ ላይ የረገጠው ጣውላ ከዳውና ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። አከርካሪው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በታች ያለው ገላ የራሱ መሆኑን የሚያውቀው በዓይኑ ሲያየው ብቻ ነው። ስሙ ግን አብሮት ቀረ። ዛሬ ሆዱ ጭኑ ላይ ተኝቶ ተሽከርካሪ ወንበሩን ሞልቶት ሳለ አንዱ ከሩቅ «ሽቦ!» ብሎ ሲጠራው፣ የማያውቀው መንገደኛ ዞር ዞር ብሎ ቀጭን ሰው ይፈልጋል። ሽቦ ይህን ሲያይ ድሮ ድሮ ይስቅ ነበር።

ሱሪውን የምትሰፋለት እሷ ናት። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ሱሪ እንደማንኛውም ሱሪ አይቆረጥም፤ ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ ይላል፤ የኋላ ኪስ አይኖረውም፤ ኪስና ወፍራም ስፌት የማይሰማውን ገላ ቀኑን ሙሉ ፈግፍጎ ያቆስለዋል። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ቁስል እያጠበች የተማረችው ነው። አሁን ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ወንበር ላይ የሚውሉ ሰዎች እየመጡ ያሰፏታል። የወንድሟን የወገብ ልክ ከራሷ ዕድሜ አስበልጣ ታውቀዋለች። ዘጠና ስድስት ነበር፤ ከወር በፊት ዘጠና ዘጠኝ ሆነና ጠረጠረችው፤ ትናንት አዲሱን ሱሪ ስታስለካው መቶ ሦስት። ሜትሩን ሁለቴ አዞረችው፤ ያው መቶ ሦስት። ሦስት ወር ሙሉ ግማሽ ዳቦ እየሰጠችው እንዴት አድርጎ ነው ወገቡ አራት ጣት የሚጨምረው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ «ኧረ አልወፈርኩም፣ ልብሱ ነው የጠበበው» የሚሉ ደንበኞችን በዚሁ ሜትር አፋቸውን ስታስይዝ ኖራለች። ሜትር ይሉኝታ የለውም ትላለች። እንግዲያው የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ በወንበሩ እስከ ብፌው እየሄደ ይበላል ማለት ነው፣ ወይም ደግሞ... ሌላ «ወይም» አልመጣላትም። ጭኑን ለክታው ቢሆን ይመጣላት ነበር። የጭን ልክ ከወሰደች ግን ሁለት ዓመት አልፏታል፤ እሱም ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች፣ ጨርቁን ሰፋ አድርጋ ትቆርጥና ነገሩ በዚያው ያልፋል።

ይህን ሁሉ ያመጣችው ነርሷ ናት። ከሦስት ወር በፊት በአንዱ ቀጠሮ ዳሌው ላይ ያለውን ቁስል አሽጋ ስትጨርስ ሆዱን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «አታጥግቢው እንጂ፣ እህቴ። ስኳር ሊይዘው ነው። ደግሞስ እንዲህ እየከበደ ሲሄድ ማን ሊያነሳው ነው?» አለቻት። ስኳሩን ልብስ ሰፊዋ ብዙም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ማን ሊያነሳው ነው» የሚለው ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ፣ ከመጸዳጃ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ፤ በቀን አራት ጊዜ ታነሳዋለች፣ አንዳንዴም ስድስት። እሷ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታች ሰፈር አንዲት ሴት ባሏን እንዲሁ እያነሳች ስታስተኛ ኖራ አንድ ቀን ወገቧ ከዳት፤ ልጆቿ ተሰብስበው ሰውየውን የአካል ጉዳተኞች ማረፊያ አስገቡት። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትጠይቀው ነበር፤ ከዚያ በየወሩ፤ አሁን ሰው ስለሱ ሲጠይቃት «ደህና ነው መሰለኝ» ትላለች። ያቺ «መሰለኝ» ልብስ ሰፊዋን እንቅልፍ ነስታታለች። ስለዚህ ቀነሰች። ከሁለት ዳቦ አንዱን፣ ከአንዱ ግማሹን፤ እንቁላሉን ተወደደ ብላ ተወችው፣ ሥጋውን በወር አንድ ቀን አደረገችው፣ ለራት የተቀቀለ ካሮትና ጥቅል ጎመን ብቻ። እሱ «እሺ» ከማለት በቀር ትንፍሽ አላለም። እሷም እሱ ፊት ጠግቦ መብላት ስላቃታት የራሷን በግማሽ አደረገችው፤ ይህን ግን ለሰው አትናገርም፣ ለራሷም ቢሆን «ሰሞኑን ምግብ አስጠላኝ» ነው የምትለው።

ዛሬ የደም ምርመራውን ውጤት የሚሰሙበት ቀን ነው። ግማሽ ዳቦውን በላ፣ ፍርፋሪውን ከብርድ ልብሱ ላይ በጣቱ ለቅሞ ጨረሰ። እሷ ይህን ላለማየት ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። ከዚያ እጆቹን አንገቷ ላይ ጠመጠመ፣ እሷ በብብቱ ስር ገብታ ጀርባው ላይ እጇን ቆላለፈች፣ «አንድ፣ ሁለት!» ብላ አነሳችው። ወገቧን ጠቅ አደረጋት።

«ከብደሃል» አለችው፣ ሳታስበው።

«እሺ» አለ።

መንገዱ ላይ ወንበሩን ስትገፋ የሰፈሩ ባለሱቅ በሩ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል። ሽቦን ሲያይ ፊቱ በራ። «ሽቦዬ! ኧረ ተመችቶሃል!» አለው። ሰው ሲወፍር የምንለው ይህንን ነው። ተኝቶ ይወፍር፣ ታሞ ይወፍር፣ አዝኖ ይወፍር፣ ማን ጠይቆ፤ ሆድ ከወጣ ተመችቶታል። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሽቦ የወደቀ ጊዜ ለሕክምና ከሰፈር ገንዘብ ሲያሰባስብ የዋለው እሱ ነው። ደስ ሊያሰኘው ብሎ ነው ያለው። ሽቦም እጁን አንስቶ፣ «ምን ይደረግ፣ እህቴ ናታ!» አለው። ባለሱቁ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሆና አንገቷ ድረስ ቀላች፤ ምርቃት ይሁን ስድብ መለየት አልቻለችም፤ ማጅራቱን ብቻ ነው የምታየው፣ ማጅራት ደግሞ አያወራም።

ክሊኒኩ በር ላይ ሰው ከእነ ወንበሩ የሚመዘንበት ሰፊ ሚዛን አለ። ሽቦን የሰውነት እንቅስቃሴ የሚያሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወንበሩን ገፍቶ ሚዛኑ ላይ አወጣው፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ከወንበሩ ጀርባ በቀለም የተጻፈውን አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ቀነሰ፣ ካርዱን አየ፣ እንደገና ወደ ቁጥሩ ተመለሰ። «ስድሳ ሁለት» አለ። «በፊት ስድሳ ስምንት ነበርክ።» ልብስ ሰፊዋ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብላ አሰበች። እንዲያውም ተናገረችው፦ «ትናንት ነው የለካሁት፤ ወገቡ ጨምሯል!» ባለሙያው ከኪሱ ሜትር አወጣ፤ የሷው ዓይነት ቢጫ ሜትር ነው፣ ጫፉ የተበላ። ወገቡን አልለካም። የሱሪውን ጭን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አዞረውና፣ «እርስዎ ልብስ ሰፊ አይደሉ? ያንብቡት እስቲ» አላት። ጎንበስ አለች። ሠላሳ አራት ይላል። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ሱሪ ሰፍታ ነበር፤ የልጅቷ ጭን ከዚህ ይወፍራል። ቀና ስትል የሽቦን ዓይን አየችው፤ እሱ ወደ ግድግዳው ዞረ። ታዲያ እኔ በየቀኑ ያነሳሁት ምኑን ነው፣ እየቀለለ ሲሄድ እንዴት ከበደኝ ብላ አሰበች። ወገቧ እንደደከመ፣ ሆዷም ባዶ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትናገር ሰው ሰው ትሸታለች። የደሙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ለሽቦ በእስክሪብቶ እያሳየች አስረዳችው። የወንድ ሆርሞኑ ወርዷል። ዝቅተኛው ሦስት መቶ መሆን ሲገባው የእሱ መቶ ስልሳ ነው። አከርካሪው የተጎዳ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር ነው አለች፤ የማይሠራ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ በቦታው ስብ ይገባል፣ ስቡ ደግሞ በተራው ሆርሞኑን ይብስ ያወርደዋል። የሆድ ጡንቻው ስለማይዝ ሆዱ ወደ ፊት ይለቀቃል፤ ሰውየው እየቀነሰ ሆዱ ሊጨምር ይችላል። «ወንድነቴም ወደ ታች ወረደ በሉኛ» አለ ሽቦ። ሐኪሟ አልሳቀችም። «ወንድነት አይደለም፣ ሆርሞን ነው። ይታከማል። በሌላ ቀን ጠዋት ደግመን እንለካዋለን። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው» አለችና ሁለተኛውን ወረቀት ሳበች። ፕሮቲኑ በጣም ዝቅ ብሏል። ቁስሉ አራት ወር ሙሉ አልገጠመም። ስድስት ኪሎ ቀንሷል። «በል ንገረኝ፤ ትናንት ምን በላህ?»

ልብስ ሰፊዋ ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ትናንት?» አለ ሽቦ። ጥቂት አሰበ። «ጠዋት ሁለት እንቁላል። በቲማቲም የተጠበሰ። ዳቦ፣ ሁለት፤ ትኩስ ነበር። ወተት በትልቁ ብርጭቆ። ምሳ ሩዝ በሥጋ። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ እህቴ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደንብ አድርጋ ታበስለዋለች፣ ካሮቱን መጨረሻ ላይ ነው የምትጨምረው፣ እንዳይፈርስ። አሥር ሰዓት ላይ ሙዝ። ማታ ዓሣ፣ በድንች። ድንቹ ዳር ዳሩ ቀላ ያለ።» እያለ ቀጠለ። ድምፁ ሞቅ ሞቅ አለው። ከሦስት ወር ወዲህ ይህን ያህል ሲያወራ አልሰማችውም። ሁሉንም ታውቀዋለች፤ ዓሣውን የሠራችው የዛሬ ዓመት ግድም ነው፤ ድንቹ ዳር ዳሩ የቀላው ስላረረባት ነበር። በባዕድ ሰው ፊት እሷን ላለማዋረድ ሲል ተቀምጦ በቃል ምግብ ይበላል። ምራቁን ሲውጥ ከኋላ ሆና አየችው።

ሐኪሟ ሁሉንም ጻፈችው። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ፣ «የሚያበስሉለት እርስዎ ነዎት? እንዳለው ነው?» አለቻት። ጥያቄው ቀላል ነበር። አዎ ወይም አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ከአንገቷ በታች፣ ልብሷ ውስጥ፣ ቁልፉ እንደ በረዶ ቀዘቀዘባት። የጎረቤቶቿን ፊት አየች፤ ነርሷን አየች፤ አንድ ሰው ለሌላው «ወንድሟን ምግብ ቆልፋበት» ሲል ሰማች።

«እንዳለው ነው» አለች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንግዲያው ነገሩ ቀላል አይደለም አለች። ይህን ሁሉ እየበላ እንዲህ የሚቀንስ ሰው ውስጡ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው፤ ኩላሊት ይሆናል፣ አንጀት ይሆናል፣ አጥንት ድረስ የገባ መግል ይሆናል። ተኝቶ መመርመር አለበት። ሁለት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። «ነገ ጠዋት አልጋ ይያዝለት» ብላ ወረቀት ጻፈችና ለሽቦ ሰጠችው። እሱም «እሺ» ብሎ ተቀበላት፤ እቤት ለእህቱ የሚላትን ያችኑ «እሺ»።

መተላለፊያው ተራ በሚጠብቁ ሰዎች ተሞልቷል። ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ጥቂት ገፍታ ቆመች። ሽቦ የአልጋውን ወረቀት አራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ፊቱ ጸጥ ብሏል። ሁለት ሳምንት መርፌ ሲወጋ፣ ቱቦ ሲገባበት፣ ገላውን የማያውቁ እጆች ሲያገላብጡት፣ አዲስ ቁስል ሲያበቅል ታያት። የሌለ በሽታ ሲፈልጉበት። ሁሉም በአንዲት ቃሏ ምክንያት። ከእጄ እንዳይወስዱት ብዬ አስርቤ፣ ይኸው በእጄ ልሰጣቸው ነው አለች በልቧ። እግሯ ግን አልንቀሳቀስ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ለአፍታ ያህል፣ ሆስፒታል እኮ ያበሉታል ብላ አስባለች፤ በዚያ ሐሳቧ ያፈረችውን ያህል በምንም አፍራ አታውቅም።

«እዚህ ጠብቀኝ» አለችው።

«ምን ረሳሽ?»

«ወረቀት።»

በሩን ከፍታ ስትገባ ከኋላዋ ሰው ጮኸ። «ተራ እኮ ነው፣ እትዬ! እኛ ከንጋት ጀምረን ነው እዚህ ያለነው!» ሌላ ታካሚ ገና ጫማውን ሲያወልቅ ነበር። ሐኪሟ ልትቆጣ አፏን ስትከፍት ልብስ ሰፊዋ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «የብፌው ቁልፍ ነው» አለች። «እንዳለው አይደለም። ትናንት ጠዋት ግማሽ ዳቦ ነው የበላው። ምሳ ግማሽ ዳቦ። ማታ ካሮት። ሦስት ወር እንዲህ ነው። ዛሬ ደግሞ ቆለፍኩበት። በሽታ የለበትም፣ ዶክተር። በሽታው እኔ ነኝ።» ጫማውን የሚያወልቀው ሰውዬ አንድ እግሩን አንጠልጥሎ ቀረ። ልብስ ሰፊዋ ስድብ ጠበቀች፤ ብትሰደብ ይቀልላት ነበር። ሐኪሟ ግን ለምን ብላ ጠየቀቻት፤ ጠይቃም ዝም ብላ ሰማቻት፦ ስለ ነርሷ፣ ስለ ሜትሩ፣ ታች ሰፈር ስላለችው ሴት። ሲያልቅ፣ «አታጥግቢው ያለ ሰው ምን እንደሚሰጠውም መንገር ነበረበት» አለችና አዲስ ወረቀት ሳበች። ስኳርና ቅባት ይቀንስ፤ እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ፣ ወተት በየቀኑ። ቁስል በባዶ ሆድ አይገጥምም። ረሃብ ራሱ ሆርሞኑን ያወርደዋል። አልጋው ለጊዜው ይቅር፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመልሶ ይታይ፤ በማንሳቱ ፋንታ ደግሞ የፊዚዮቴራፒው ልጅ ከአልጋ ወደ ወንበር በጣውላ ላይ አንሸራቶ ማሸጋገርን ያስተምራችኋል። ልትወጣ ስትል፣ «ሌላም አለ» አለቻት። «ሆርሞኑ ሲወርድ ሰው ይደክመዋል፣ ይደብረዋል፣ ዝም ዝም ይላል። አይዘኑበት።» ቁልፉን መልሳ ዘረጋችላት።

ሽቦ አዲሱን ወረቀት መንገድ ላይ አነበበው። አንዴ አነበበ፣ ደገመው። እሷ ከኋላ ወንበሩን እየገፋች ማጅራቱን ታያለች። የልብስ አጣቢዎቹን ቤት አለፉ፣ የጫማ ጠጋኙን ጥላ አለፉ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ፣ «ያን ሁሉ ምሳ በከንቱ በላሁታ» አለ።

ሳቋ ሳታስበው ፈነዳ። መንገደኛ ዞሮ አያት። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ሌላ ነገር ሆነ፤ የወንበሩን እጀታ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። ደግነቱ ወንበር የሚገፋ ሰው ፊቱ ለተቀመጠው አይታይም። ዳገቱን ወጥተው እንቁላል ገዛች፤ ዋጋው አምና ከነበረው እጥፍ ሆኗል፣ አልተከራከረችም። ወተት ገዛች። ልቧ ቀለል አላት፣ ከሚገባው በላይ ቀለል አላት፤ ጥፋቷን ሰው ሰምቶላት፣ በወረቀት ላይ መድኃኒቱ ተጽፎላት፣ ነገሩ ያለቀ መሰላት። እግረ መንገዷንም ሐኪሟ ያለችውን አወራችለት፣ በደስታ ማለት ይቻላል። «አየህ፣ እኔ ደግሞ ዝምታህን ምን እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ለካ ሆርሞኑ ነው! አንተም አይደለህ፣ እኔም አይደለሁ። ሲስተካከል እንደ ድሮህ ትሆናለህ፣ አለችኝ።»

ሽቦ ቤት እስኪደርሱ አልተናገረም። እሷም ሆርሞኑ ነው ብላ አልተከፋችም።

ቤት ሲገቡ ቁስሉ እንዳይጫን አልጋ ላይ በጎኑ መተኛት ነበረበት፤ ጣውላው ገና አልመጣም። ወንበሩን አልጋው አጠገብ አቆመች፣ ፍሬኑን ያዘች፣ ጎንበስ አለች። እጆቹን አንገቷ ላይ ጠመጠመ። እሷም በብብቱ ስር ገብታ ጀርባው ላይ እጇን ቆላለፈች። አነሳችው። ደረቱ ደረቷ ላይ፣ አገጩ ትከሻዋ ላይ ነው፤ በዚህ አኳኋን ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አራት ዓመት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ተቃቅፈው አንድም ቀን በዚህ አኳኋን ከአንድ ቃል በላይ ተነጋግረው አያውቁም።

«እትዬ» አለ ጆሮዋ ሥር።

«እ?»

«ሆርሞን አይደለም። አኩርፌሽ ነው።»

አልጋው በግማሽ እርምጃ ይርቃል። ልታስቀምጠው ትችል ነበር፤ ካስቀመጠችው ግን ፊቷን ያያል፣ ፊቷን ካየ ይተወዋል፣ እሺ ብሎ ይተኛል። እግሯን አደላድላ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለችው።

«ከጠረጠርሽኝ ቀን ጀምሮ። ሜትሩን ጠየቅሽ፣ ነርሷን ጠየቅሽ፣ ዛሬ ደግሞ ወረቀቱን ጠየቅሽ። እኔ እኮ እዚሁ ነበርኩ። ከመጋረጃው ወዲህ። አንድ ቀን እንኳ እኔን ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

እጆቿን ጀርባው ላይ አጥብቃ ቆላለፈች። ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ደንበኛ «ቤቶች!» ብላ ተጣራች፣ ሁለተኛ ተጣራች፣ የሱቁን ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማ። ትስማ። ልብስ ሰፊዋ ያሰናዳችው መልስ ሁሉ አንድ በአንድ አፏ ላይ መጣ፤ ለራስህ ብዬ ነው፣ እንዳይወስዱህ ብዬ ነው፣ እኔም እኮ አልበላሁም። አንዱንም አላወጣችውም።

«ርቦህ ነበር?» አለችው።

ትንፋሹ አንገቷ ላይ ሲቆራረጥ ተሰማት።

«በጣም» አለ። «በጣም ርቦኝ ነበር።»

እሷም አላስቀመጠችውም።